መብራት የጠፋበት ሰዓት ዋጋ

ወንድሜ የስድስት አገር የመብራት ዋጋ በየሰዓቱ ያውቃል። ከድንበር ማዶ ያለው ጎረቤታችን ዛሬ ማታ በስንት እንደሚገዛ፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ደግሞ ትናንት በስንት እንደሸጠ ጠይቁት፤ ዓይኑን ሳያሽ ይነግራችኋል። የገዛ ቤቱ ኮሪደር ላይ ያለው አምፖል መቼ እንደተቃጠለ ግን ሚስቱን ጠይቁ። ግድግዳ እየዳበሰች መታጠቢያ ቤት የምትሄደው እሷ ናት።

ሰፈሩ «አማካዩ» ይለዋል። በኳስ እንዳይመስላችሁ፤ ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ሮጦ የሚሸሽ ልጅ ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ አልጸጸትም። ልጆች ሳለን እኔና ታናሿ እህታችን ስንደባደብ እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ማን ጀመረ?» ብላ እሱን ትጠይቃለች። አይቶናል እኮ! እፊቱ ነው ጸጉር የተናጨነው። እሱ ግን ራሱን ያክና «ሁለቱም እኩል ናቸው» ይላል። በዳይም ተበዳይም እኩል እንገረፋለን፤ እሱ ጥግ ይዞ ዳቦውን ይገምጣል። ኋላ ሥራ ይዞ የመጀመሪያ ደሞዙን ሲቀበል ለሁለታችንም ጫማ ገዛልን። የእኔ እግር ትልቅ ነው፣ የእሷ ደቃቃ። ልካችንን መጠየቅ ከበደውና መሃሉን ገዛ። ሁለት ጥንድ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁጥር! እኔን ተረከዜን ላጠኝ፣ እሷን እመንገድ ላይ እየወለቀ ጉድ ሠራት። ስንነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «በአማካይ ሲታይ ልካችሁ ነው» አለን፤ ሳይስቅ።

ይህን ሰው የወለደው ደግሞ ማን መሰላችሁ? አባባ! አባታችን ዕድሜውን በሲሚንቶ ፋብሪካ ወፍጮ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። አለቃ ሲሳሳት እሠራተኛው መሃል «ተሳስተሃል» ይላል፤ ለዚህ ሲባል ከሥራ ታግዶ ቤት የዋለበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። እናታችን «ምናለ ዝም ብትል?» ስትለው «ዝም ካልኩማ ተስማማሁ ማለት ነው» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ አመዱን አብሬው በአንድ ቤት አሳደግሁት።

ተምሯል፣ አልዋሽም። ትምህርቱን ሲጨርስ ከጎረቤት አገሮች ጋር ኤሌክትሪክ የሚገዛና የሚሸጥ መሥሪያ ቤት ገባ። ኤሌክትሪክ እንደ ሽንኩርት ገበያ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ዋጋው በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ሰው እራት በሚሠራበት ሰዓት ይወደዳል፣ ሰው ሲተኛ ይረክሳል። ወንድሜ ይህን የሚከታተል ሶፍትዌር ሠራ። የስድስቱን አገር ዋጋ ሰብስቦ ስክሪን ላይ ለየአገሩ አንድ አንድ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ሽቅብ የሚዘል አገር ኃይል አጥሮታል ማለት ነው። መስመሩ ረጋ ብሎ የሚሄድ ደግሞ ሞልቶ ተርፎታል። ከተረፈው ወዳጠረው ቀስት ይስልና «ሽጥ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እሱ ይህንን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ላውንደሪ አለኝ፤ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። የወንድሜን ሸሚዞች የምተኩስለት እኔ ስለሆንኩ አንድ ቀን «እንግዳ አለብኝ፣ ቶሎ አድርሽልኝ» ብሎ ሲደውል ሸሚዙን በመስቀያው ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ምንጣፉ ጫማ ይውጣል። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ስክሪን አለ፤ ከፊቱ ባለ ክራቫቶች ተደርድረዋል። ዋና ሥራ አስኪያጃቸው፣ ሆዳቸው ከእርሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ፣ በዱላ መስመሮቹን ያሳያሉ። «ይህች አረንጓዴዋ እኛ ነን! የሌሎቹን ተመልከቱ፣ ሲዘሉ ሲወድቁ። እኛን ተመልከቱ፣ ቀጥ! ከስድስቱ አገር የተረጋጋነው እኛ ነን!» ተጨበጨበ። ወንድሜ እጁን አጣምሮ ጥግ ቆሞ ሙሽራ መስሏል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ታዲያ እኛ ሰፈር መብራት በየጊዜው የሚሄደው ለምንድነው?» አልኩ፣ ሸሚዙን እንደያዝኩ። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ፈገግ ብለው «እሜቴ፣ ሰፈርና አገር ይለያያል» አሉ። ወንድሜ ክርኔን ይዞ እያስወጣኝ «እትዬ፣ እባክሽ አታዋርጂኝ፣ የእናንተ ሰፈር ችግር የአሮጌ ሽቦ ጉዳይ ነው» አለኝ። የእናንተ ሰፈር! እዚያ የተወለደው ልጅ ነው እንዲህ የሚለው። ሸሚዙን ደረቱ ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።

ይሁን፣ ይኩራ ብዬ ትቼው ነበር። የተውኩትን ነገር ያስነሳብኝ የአባባ ሳንባ ነው። የዚያ ሁሉ ዘመን የሲሚንቶ ብናኝ አንድ ላይ ተሰብስቦ መጣበት። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ቀጥሎ መናገር አቃተው፤ አንድ አረፍተ ነገር በሦስት ትንፋሽ ነበር የሚጨርሰው። የምታክመው ሐኪም እቤት የሚቀመጥ የኦክስጅን ማሽን አዘዘችለት። ማሽኑ ሌት ተቀን እያጉረመረመ፣ በቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ አየር ይልክለታል። በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ የምንቀይርለት አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረችን፤ ቶሎ ታልቃለች፣ ለማስሞላት ደግሞ ወረፋ አለ። ስለዚህ እቤታችን መብራት ማለት የአባባ ትንፋሽ ማለት ሆነ። ካውያዬ ቢቀዘቅዝ፣ የሰው ልብስ ቢከመር ግድ አልነበረኝም። አምፖሉ ቦግ እልም ባለ ቁጥር ልቤ አብራው እልም ትላለች።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ አባቱን ግንባሩ ላይ ይስመዋል፣ ከዚያ ላፕቶፑን ይከፍታል። አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ አሁንም ስለ መስመሩ ሲያስረዳን መብራት ሄደ። እኔ እየሮጥኩ ሲሊንደሩን ገጠምኩ። ተመልሼ ሳየው፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለውና፣ ፊቱ ብቻ በስክሪኑ ብርሃን ደምቆ ወሬውን አላቋረጠም! «እና አባባ፣ አገራችን የኃይል እጥረት እንደሌለባት ከዚህ መረዳት ይቻላል።» በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ! አባባ ቱቦውን አስተካክሎ «ይህን ልጅ... እናቱ ናት... ያሞላቀቀችው» አለ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ከዚያ ስምምነቱ መጣ። በምሽት ሰዓት የጎረቤት አገር ዋጋ ጣሪያ ይነካል፣ የእኛ አረንጓዴ መስመር ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ፣ አለ ሶፍትዌሩ፣ የምሽቱን ኃይል ሽጡ። ሸጡ። ፊርማው በቴሌቪዥን ታየ፤ ዋናው ሥራ አስኪያጅ እስክሪብቶ ሲለዋወጡ ወንድሜ ከኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁት። ሸሚዙ የእኔ ተኩስ ነው፤ ከሩቅ አውቀዋለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ! ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰፈራችን ምሽት ላይ መብራት ማየት አቆመ ማለት ይቀላል። ሰው ከሥራ ሲገባ ይሄዳል፣ ሰው ሲተኛ ይመጣል። ለማን ነው የሚመጣው? ለአይጥ?

ደወልኩለት። «ምን እየሠራችሁ ነው? አባትህን ልትገድሉት ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ተረጋጊ። ዳታው ላይ ምንም መቋረጥ አይታይም።»

«እኔ እዚህ በሻማ ነው የማወራህ! ዳታህ ይታወር!»

«የአካባቢ ብልሽት ይሆናል። ለጥገና ክፍል አሳውቃለሁ።» አሳወቀም አላሳወቀም የመጣ ሰው የለም።

እና የፈራሁት ደረሰ። አንድ ማታ መብራቱ ከወትሮው ቀደም ብሎ ሄደ፣ በተለመደው ሰዓትም አልመጣም። ሲሊንደሯን እየቆጠብኩ ለቀቅሁለት፤ አለቀች። አባባ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አየሩን በአፉ መያዝ ጀመረ። ከንፈሩ ጠቆረ። «አይዞህ አባባ፣ አይዞህ» እላለሁ፤ ለራሴ ማን ይበለኝ? ለወንድሜ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ለካ ከውጭ ከመጡ እንግዶች ጋር እራት ላይ ኖሯል። ጮህኩ። ጎረቤታችን ባለ ታክሲው በነጠላ ጫማ ዘሎ መጣ፣ አባባን አቅፎ አወጣው፤ መስኮቱን ከፍቶ፣ ቀይ መብራት ላይ ሳይቆም ክሊኒክ አደረሰን። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ፣ አለችን ሐኪሟ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትጨርሰው ፊቷን አዞረች።

ወንድሜ በጠዋት እየሮጠ መጣ። ክራቫቱ ተጣሟል። አባባ ደህና ኦክስጅን አግኝቶ ትራስ ተደግፏል። ልጁ እግሩ ሥር ተደፍቶ ሊያለቅስ ሲዳዳው አባባ አላስለቀሰውም።

«ያንን የመስመር ነገርህን ይዘኸዋል?» አለው።

«አዎ አባባ፣ ግን አሁን...»

«ክፈተው። ትናንት ማታን አሳየኝ።»

ከፈተው። አረንጓዴዋ መስመር ይኸውላችሁ፣ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አባባ ጣቱን ዘርግቶ «እኔ የታፈንኩበት ሰዓት የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠየቀ። ወንድሜ የማውሱን ቀስት እዚያ ሰዓት ላይ ቢያሳርፈው ቁጥር ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የዚያ ሰዓት ዋጋ ነው አባባ።»

አባባ ትንፋሹን ሰበሰበ። «መብራት አልነበረም እኮ» አለ። «ማን ሸጦ ነው ማን የገዛው?»

ወንድሜ ቁጥሩን አየ፣ አባቱን አየ። ከዚያ የልጅ በሚመስል ድምፅ «የተሞላ ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው የተሞላ?» አልኩ እኔ፤ መታገሥ አልቻልኩም።

አስረዳን። ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር አድርጎ አስረዳን። ኃይል አንሶ ሰፈሮች መጥፋት ሲጀምሩ የዚያ ሰዓት የአገር ውስጥ ገበያ ይቆማል፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍል የሚመጣለት ባዶ ነው። ዋናው ሥራ አስኪያጅ መስመሩ ተቦጫጭቆ ሲያዩት «ይሄ ጥርሱ የወላለቀ ነገር ለእንግዳ አይቀርብም» አሉት። እሱም ለሶፍትዌሩ አንድ ትእዛዝ ጻፈለት። ሰዓቱ ባዶ ከሆነ፣ ከባዶው በፊት ያለውን ዋጋና ከባዶው በኋላ ያለውን ደምረህ ለሁለት ክፈልና ሙላው። አማካይ! የአባቴ መታፈኛ ሰዓት በአማካይ ተሞልታ አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች።

«ባዶው ምን እንደሆነ አልጠየቅክም?»

«የኢንተርኔት መቆራረጥ ነው ብዬ ነበር...»

«ሁልጊዜ ማታ ማታ?»

ወደኋላ እየመለሰ ያየው ጀመር። ከስምምነቱ ወዲህ ያሉት ምሽቶች ሁሉ የተሞሉ ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር መስመራችን ይረጋጋል፤ በተረጋጋ ቁጥር ሶፍትዌሩ «ሞልቷችኋል፣ ሽጡ» ይላል፤ በተሸጠ ቁጥር ይጠፋል። ይህን በገዛ አፉ ነገረንና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ እንደያዘ ተንሰቀሰቀ። አላዘንኩለትም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አልኩት፤ ከዚያም የባሰ ብዙ አልኩት፣ እዚህ የማይጻፍ። የዚያን ጠዋት ከልቤ ጠላሁት፤ የአንድ እናት ልጅ መሆናችን አላገደኝም።

ሐኪሟ ገብታ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። «ምሽት ላይ መብራት ወደሚጠፋበት ቤት አልሸኛቸውም» አለች። አባባ ደግሞ ቤቴ እገባለሁ ባይ ነው። ያ ቤት ብሎኬቱን በትከሻው ተሸክሞ የሠራው ነው፤ አልጋውን፣ መስኮቱን፣ ጎረቤቱን ይፈልጋል። «የልጄ ቤት እንግድነት ነው» ይላል። እንግዲህ አባባ ቤቱ እንዲገባ የምሽቱ ሽያጭ መቆም አለበት፤ ሽያጩ እንዲቆም እነዚያ ባለ ክራቫቶች ባዶውን ማየት አለባቸው። ወንድሜ ፊቱን ጠርጎ ተነሣ። «ሙሌቱን አወጣዋለሁ። ዛሬ ስብሰባ አለን፤ እዚያ እንዳለ አሳያቸዋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ አብረሽኝ ነይ። ብቻዬን ከሆንኩ እፈራለሁ» አለ። እንዲህ ሲል ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ሆዴ ባባ። ሄድኩ።

ከኋላ ወንበር አገኘሁ። ስክሪኑ በራ። የኛ አረንጓዴ መስመር እንደ ተበላ ገመድ ተበጣጥሷል፤ ምሽት ምሽቱ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ዋናው ሥራ አስኪያጅ «ምን ሆኗል ይሄ? ተበላሸ?» አሉ።

«አልተበላሸም ጌታዬ። ትክክለኛው ይሄ ነው» አለ ወንድሜ። ጎበዝ! አልኩ በልቤ። «እነዚህ ባዶ ቦታዎች መብራት የጠፋባቸው ሰዓቶች ናቸው። እስከዛሬ እኔ ነበርኩ የምሞላቸው። ተርፎን አይደለም የምንሸጠው ጌታዬ። ሰው እየጨለመበት ነው።» ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ተናገረው። የአባባ ልጅ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው፤ ይህን ያህል ዘመን የሰደብኩትን ሁሉ በአንዴ ልውጠው ተዘጋጅቼ ነበር።

ዋናው ሥራ አስኪያጅ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ «ገዢዎቹ ነገ ይመጣሉ። ይህንን ነው የምናሳያቸው?» አሉ። «ከዚህ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህንን ሶፍትዌር የሠራው ሰው አንድ ነው። ትክክል ነው አይደል? እስከዛሬ የፈረሙት ሁሉ በእሱ ተማምነው ነው። እንግዲህ የተሳሳተው ማን ሊባል ነው?» ባለ ክራቫቶቹ ሁሉ ዞረው ወንድሜን አዩት። «መፍትሔ አምጣልን» አሉት።

እሱም ራሱን አከከ። ያንን አስተካከክ አውቀዋለሁ! ከወንበሬ ተነሥቼ «አታድርገው!» ልለው ስል ቀደመኝ።

«ምናልባት» አለ፣ «ባዶውን ባዶ ከማድረግም፣ ሙሉ ከማድረግም... በነጠብጣብ ብናሰምረውስ? ግራጫ ነጠብጣብ። ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀም አይረበሽም።»

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። አንዱማ «ግሩም ነው!» ብሎ ትከሻውን መታው። ግራጫ ነጠብጣብ! አባቱ ከሞት አፋፍ የተመለሰው ትናንት ማታ ነው፤ ልጁ ያገኘለት ነገር ነጠብጣብ ነው። ሽያጩ ቀጠለ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስብኝ «እትዬ፣ ቢያንስ ግማሽ እርምጃ ነው» አለኝ። «ግማሽ ትንፋሽ ተንፍሰህ ኑር እስቲ፣ አንተ ከንቱ!» ብዬ ጥዬው ሄድኩ። ሸሚዙን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኩስም፤ ተጨማድዶ ይታያል አሉ፣ ደስ ይለኛል።

ለአባባ ነጠብጣቡን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ሲቆም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐኪሟ አሁንም አልለቅም አለች። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ የወንድሜ አፓርታማ ጄኔሬተር አለው፣ መብራት ሲሄድ አምፖሉ ሳይርገበገብ ይቀጥላል። ምራቱ ጥሩ ሴት ናት፤ ክፍል አጽድታ፣ አልጋውን መስኮት ሥር አድርጋ፣ ራሷ መጥታ ለመነችው። አባባ ተሸነፈ። ሲሄድ ግን እጄን ይዞ «አንቺ በጨለማ ተቀምጠሽ እኔ ብርሃን ላይ አልተኛም። መብራት የለም ካልሽኝ በዚያው ሰዓት ተነሥቼ እመጣለሁ። እወቂው» አለኝ። አባባ የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ ከመጣ ደግሞ ያችን ሲሊንደር ይዞ ነው የሚሞተው።

እዚያ ተስማማው። ሥጋ ለበሰ። ምራቱ በረንዳ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ መንገድ የሚያልፈውን መኪና ይቆጥራል አሉ። ሰው በሌለበት ቤት እኔ ሻማ እየለኮስኩ፣ የሰው ልብስ ሳይተኮስ ተቆልሎ፣ ደንበኛ እየተቆጣኝ እኖራለሁ። መብራት ምሽት ላይ የለም። በየቀኑ የለም።

ባለፈው አንድ ማታ በጨለማ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አባባ ነው። ድምፁ ሞልቷል፤ አንዱን አረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨርሰው።

«ልጄ፣ እንዴት አመሸሽ? መብራት አለ?»

ጨለማውን አየሁ። «አለ አባባ» አልኩ።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ይኸው እየተኮስኩ ነው። ከተስተካከለ ቆየ።»

«ተመስገን!» አለ። ቀጥሎ «እንግዲያው ይሄን ልጅ ያለ ነገሩ ነው የረገምነው። ዝም ብሎ ሠርቶ አስተካክሎታል ማለት ነዋ። ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያልሽ ስታብጠለጥይው እኔም አብሬሽ... አይ፣ ደግ አልሠራንም። ይኸው አጠገቤ ነው፤ ይቅርታ በይው» አለኝ።

«አባባ፣ ሌላ ጊዜ...»

«አሁን! እኔ እየሰማሁ።»

ስልኩ እጅ ሲለውጥ ሰማሁ። ወንድሜ ያዘው። ሰፈራችን በዚያ ሰዓት ጨለማ እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ከፊቱ ተከፍቶ ይሆናል፣ ግራጫ ነጠብጣብ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። «እትዬ...» አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አልኩት። ከዚያ አባባ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ።

ከወዲያ አባባ «ደግ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ» ሲል ተሰማኝ። አላሳለም።